አንድ ቤት፣ ሁለት አባወራ

ባለፈው መስከረም መጀመሪያ ላይ ከሥራ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ሆሳዕና ዳር ካሉት ሰፈሮች በአንዱ ሳልፍ የቦካ ጭቃ ሸተተኝ። ጭድ ገብቶበት፣ በእግር ተረግጦ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ውሃ እየጠጣ የከረመ ጭቃ ለማያውቀው ሰው ደስ የሚል ሽታ የለውም። እኔን ግን እግሬን ይዞ አቆመኝ። ቤቱን የሚመርጉት ሰዎች ደርቄ ስቆም አይተው ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ፣ እኔም መንገድ ጠፍቶኝ ነው ብዬ እያፈርኩ ሄድኩ። ተወልደው ባደጉበት ከተማ መንገድ ጠፋኝ ማለት ትንሽ ያሳፍራል።

ያደግኩበት ቤት መንታ ቤት ነበር። አባቴ አማርኛ አስተማሪ ስለነበር ነገሮችን በየወገናቸው መደርደር ይወድ ነበር፤ መቀስ፣ ጉጠት፣ ሱሪ፣ ጥማድ በሬ፣ ባለ ሁለት ተከፋች መስኮት እያለ በጣቱ እየቆጠረ፣ እነዚህ ሁሉ ሁለት ሆነው አንድ የሚባሉ ናቸው፣ መቀስን ለሁለት ብትከፍይው የሚተርፍሽ ስለት ያለው ብረት እንጂ ግማሽ መቀስ አይደለም ይለኝ ነበር። ቤታችንንም ከእነዚሁ ጋር ይቆጥረው ነበር። ሰው ከሰው ጋር ለሚኖርበት መንገድም ስም አያጣም ነበር፤ ተከራይ አለ፣ ደባል አለ፣ ጥገኛ አለ፣ እኛ ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለንም ብሎ ያቆማል። ታዲያ ምንድን ነን ብዬ ስጠይቀው ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ ስሙ ገና አልወጣለትም ይለኝ ነበር።

አባባ ከሀቢቾ የመጣ ሀዲያ ነበር፣ ጎረቤታችን ጋሼ ከድር ደግሞ ከሀደሮ የመጣ ከምባታ። ሁለቱም ላጤ ሳሉ በአንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ፣ አንዱ ዋና ተከራይ አንዱ ደባል ሆነው፣ አንዲት ክፍል ተጋርተው ሦስት ዓመት ኖረዋል። ክፍሏ ውስጥ ያለችው አልጋ አንድ ብቻ ስለነበረች፣ አይሱዙ የሚነዳው ጋሼ ከድር ሾኔ የሚያድርበትን ቀን አባባ እንደ ዓመት በዓል ይጠብቀው እንደነበር እማዬ እየሳቀች ትነግረን ነበር። ሁለቱም ሚስት ሲያገቡ ከከተማው ዳር አንዲት ጠባብ ቦታ እኩል አዋጥተው ገዙ። ውሉ በተጻፈበት ቀን ጋሼ ከድር መንገድ ላይ ስለነበር ወረቀቱ ላይ የሰፈረው የአባባ ስም ብቻ ነው፣ ይህንንም ያኔ ነገሬ ያለው ሰው አልነበረም። ቦታዋ ለሁለት ቤት ስለማትበቃ አንድ ረዘም ያለ ቤት ሠርተው መሐሉ ላይ ግድግዳ አቆሙ፤ በስተቀኝ እኛ ገባን፣ በስተግራ እነጋሼ ከድር። ጣሪያው አንድ፣ በረንዳው አንድ፣ ኩሽናው አንድ፣ በሩ ግን ሁለት ነበር።

የመሐሉ ግድግዳ ጣሪያ ድረስ አይደርስም ነበር። እንጨቱ አልቆ ይሁን ጉልበታቸው አልቆ እስከ ዛሬ አልተገለጸልኝም፣ ብቻ አንድ ረጅም ሰው እጁን ቢዘረጋ የሚደርስበት ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ከዚያ በላይ ያለው ክፍት ነው። በዚያ ክፍት ቦታ ክብሪት፣ ጨው፣ የራስ ምታት ክኒንና የቤት ሥራ ደብተር ሲመላለስ ይውል ነበር። እኛ ቤት ሀዲይኛ ይወራል፣ እነሱ ቤት ከምባትኛ ይወራል፣ ግድግዳውን የሚሻገረው ግን አማርኛ ስለነበር፣ እኔና የጋሼ ከድር ልጅ ሰሚራ ትምህርት ቤት ሳንገባ ሦስት ቋንቋ እንቀላቅል ነበር። አባባ እሁድ ከጸሎት ቤት መልስ ጋደም ብሎ ማንኮራፋት ሲጀምር፣ ጋሼ ከድር ከወዲያ ሆኖ «መምህር፣ ማርሽ ቀይር» ይለዋል፣ አባባም ሳይነቃ ወደ ጎኑ ይዞራል። ክረምት ሲገባና ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መነጋገር ስለማይቻል፣ ሰሚራና እኔ ሣጥን ላይ ወጥተን የግድግዳውን ጫፍ ከየበኩላችን ይዘን ተንጠልጥለን፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ተገጣጥመን እንጮህ ነበር።

ግድግዳውን የማይሻገረው ሥጋ ብቻ ነበር። እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም፣ እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፤ ስለዚህ በጋራው ኩሽና ውስጥ ሁለት የሥጋ ድስት ነበር፣ የእነሱ ጆሮው ላይ ቀይ ክር የታሰረበት። ልጆች ሆነን ይህ አስከፍቶን አያውቅም። ለመስቀል እማዬ ከቡላ፣ ከቅቤና ከወተት የምትሠራው አታካና ለሁለቱም ቤት በአንድ ገበታ ይቀርባል፣ ለኢድ ደግሞ የሰሚራ እናት እትዬ ራህማ ጣፋጩን ስትሠራ መጀመሪያ የምትቀምሰው እማዬ ነበረች። ይህ የሚጎድለው ነገር ያለው ኑሮ መሆኑን የሰማሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ፣ ከሌላ ሰው አፍ ነው።

ክረምቱ አልቆ መስቀል ሲቃረብ ቤት ይመረጋል። ጭቃው በሁለቱ ቤት ሰው ጉልበት ጓሮ ውስጥ ይቦካል፣ እኛም ጉልበታችን ድረስ ገብተን እየረገጥን እንዘፍን ነበር። ውጭውን ግድግዳ ማንም በተመቸው ቀን መምረግ ይችላል፤ የመሐሉ ግድግዳ ግን ሕግ ነበረው፣ ከሁለቱም ወገን በአንድ ቀን መመረግ አለበት። አንዱ ጎን ረጥቦ ሌላው ደርቆ ከቆየ ጭቃው ይሰነጠቃል ይባል ነበር። እውነት ይሁን አይሁን አናጺ ጠይቄ አላውቅም። እማዬ ከዚህ፣ እትዬ ራህማ ከዚያ ሆነው ጭቃውን በመዳፋቸው ጠፍ ጠፍ ሲያደርጉ፣ አንዷ የደረሰችበትን ሌላዋ በድምፁ ታውቃለች፣ ወደፊት የቀደመችውም ቆም ብላ ትጠብቃለች።

በጋው እንዲህ ባለ ሰላም አልፎ፣ የበልጉ ዝናብ ጀምሮ ሲያቋርጥ፣ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ሳለሁ አንዲት የክፍሌ ልጅ፣ እነዚያ ሙስሊሞች ተከራዮቻችሁ ናቸው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ወደ ቤት መጥቼ ለእማዬ ስነግራት፣ እማዬ የምትልጠውን ድንች አስቀምጣ፣ ማንም ቢጠይቅሽ አንድ ቤተሰብ ነን በይ አለችኝ። ቃሉ በጣም ስለጣመኝ የሚጠይቀኝ ሰው እየፈለግኩ ዞርኩ። በዚያው ሳምንት የገበያ ቀን፣ እናቶቻችን ገበያ፣ አባባ ትምህርት ቤት፣ ጋሼ ከድር መንገድ ላይ፣ ሰሚራም ቁርአን ቤት ሳሉ፣ ከማዘጋጃ ጽሕፈት ቤት ተልኮ ለካርታ ቤት የሚመዘግብ አንድ ወጣት ሰሌዳ በብብቱ ይዞ በረንዳችን ላይ ቆመ። ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ሰፈሩን ሲዞር የዋለ ሰው መሆኑ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። እዚህ ቤት ስንት አባወራ እንዳለ ጠየቀኝ።

«አንድ» አልኩት።

ሁለት በር እንደሚያይ ነገረኝ። ሁለቱም የእኛ ነው አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ። የአባቴን ስም ጠየቀኝ፣ እስከ አያቴ ነገርኩት፣ አንድ ፊደል ሲሳሳትም አረምኩት፤ የአስተማሪ ልጅ ነኝና። ሲሄድ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ቆርጦ ሰጥቶኝ፣ ስህተት ካለ አባትሽ በወሩ ውስጥ ጽሕፈት ቤት መጥቶ ያሳርም ብሎ አስጠነቀቀኝ። እኔም ስህተት ስለሌለ ወረቀቷን ሳይንስ ደብተሬ ውስጥ ከትቼ ረሳኋት።

ነሐሴ ላይ አባባ የቤቱን ካርታ ይዞ መጣ። ደስ ብሎት ይመጣል ብለን ስንጠብቅ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ካርታው ላይ አንድ ቤት፣ አንድ ባለይዞታ ተብሎ የእሱ ስም ብቻ ተጽፏል፤ የጋሼ ከድር ስም የትም የለም። የማረሚያው ጊዜ አልፏል፣ ቦታውም ጠባብ ስለሆነ ለሁለት አይከፈልም ተብሎ መጥቷል። ከሀቢቾ የመጣው ታላቅ ወንድሙ ደግሞ ወረቀቱን ገልብጦ አይቶ፣ እንግዲህ ከድር ከዛሬ ጀምሮ ደባልህ ነው፣ ኪራይ ባታስከፍለው እንኳ ውለታ ነው አለው። አባባ ወንድሙን በዚያ ቀን ምሳ ሳያስበላው ሲሸኘው ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፣ ለመጨረሻም ጊዜ። ይሁን እንጂ ለጋሼ ከድር አልነገረውም። ሳስተካክለው እነግረዋለሁ እያለ፣ ለእማዬም አትንገሪያቸው ብሎ፣ በየሁለት ቀኑ ጽሕፈት ቤት እየተመላለሰ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር።

ማን እንዳስመዘገበ እሱም አላወቀም፣ መዝጋቢው ከአሮጌው የግዢ ውል ላይ የገለበጠው መስሎት ነበር። እኔ ግን አወቅኩ። ደብተሬን ከፍቼ ወረቀቷን አገኘኋት። ለሦስት ሳምንት ያህል ወረቀቷን ከሳይንስ ደብተር ወደ ሒሳብ፣ ከሒሳብ ወደ ፍራሽ ሥር እያዛወርኩ፣ ምግብ እምቢ እያልኩ፣ እማዬም ወስፋት ነው ብላ መራራ መድኃኒት እያጠጣችኝ ኖርኩ። መድኃኒቱን ሁልጊዜ ሳላማርር እጠጣው ነበር፤ ይገባኛል ብዬ ነው።

ጋሼ ከድር ወሬውን የሰማው መናኸሪያ ላይ ነበር። መጥቶ አልጠየቀም። እሱ የጠበቀው አባባ ራሱ እንዲነግረው ነው፣ አባባ ደግሞ አስተካክሎ ሊነግረው እየጠበቀ ነው፤ እንዲህ ሆነው ሁለት ጓደኛሞች በአንድ በረንዳ ላይ ደህና አደርክ ተባብለው በየፊናቸው መሄድ ጀመሩ። አንድ ከሰዓት ከወፍጮ ቤት ስመለስ ከመሐሉ ግድግዳ በላይ ያለው ክፍት ቦታ በማዳበሪያ ጆንያ ከወዲያ ተደፍኖ አገኘሁት። እማዬ ቀና ብላ አይታ፣ ወዲያው ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። ሰሚራም መንገድ ላይ ስታገኘኝ፣ ሾኔ ቤት ልንከራይ ነው፣ አባዬ አይቶ መጥቷል ብላኝ ሮጠች። ያን ቀን ያለቀስኩትን ያህል እናቴ በሞተችበት ቀንም አላለቀስኩም፤ ትልቅ ሰው ለማልቀስ ያፍራል፣ ልጅ ግን አያፍርም።

መስከረም ገባና የምርጊቱ ቀን ደረሰ። ጭቃው የቦካው ከፀቡ በፊት ስለነበር የሁለታችንም ነበር። እማዬ የውጭውን ጨርሳ፣ የመሐሉ ግድግዳ ጋ ደርሳ፣ መዳፍ ሙሉ ጭቃ ይዛ ቆመች። ከወዲያ ምንም ድምፅ የለም። ትንሽ ጠበቀች፣ ከዚያ አንድ ጊዜ መታ አደረገች፣ እንደገና ጠበቀች። አባባ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጭቃ የነካ እጁን እያየ ነበር። ያንን አንድ ወገን ብቻ የሆነ ድምፅ መቋቋም አቅቶኝ፣ ወረቀቷን ከፍራሹ ሥር አውጥቼ፣ በአባባ ፊት አልፌ በሌላው በር ገባሁ።

እቃው ግማሹ ታስሯል። እትዬ ራህማ ብርጭቆ በጋዜጣ እየጠቀለለች ነበር፣ ጋሼ ከድር ደግሞ የአልጋ ብሎን እየፈታ ነበር። እየሮጥኩ ስለገባሁ ሁለቱም ቀና አሉ። አስቀድሜ ያዘጋጀሁት ረጅም ንግግር ነበረኝ፣ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ጋሼ፣ አባባ አይደለም። እኔ ነኝ።»

ወረቀቷን ተቀብሎኝ አንብቦ ሲጨርስ፣ ሰውየው ምን ብሎ እንደጠየቀኝና ምን ብዬ እንደመለስኩ ጠየቀኝ። አንድ አባወራ ብዬዋለሁ አልኩት። ለምን እንዲህ አልሽ ሲለኝ፣ አንድ ስለሆንን አልኩት። እትዬ ራህማ በእጇ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠችና በሻሿ ጫፍ አፏን ያዘች። ጋሼ ከድር አልተቆጣኝም። ወረቀቷን በጥንቃቄ አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ መፍቻውን አልጋው ላይ ወርወር አደረገ፣ በረንዳው ላይ ወጥቶም አባባ ፊት ቆመ። እኔ በሩ ላይ ቀርቼ ሁለቱንም አያለሁ።

«ከድር፣ አፍሬ ነው ያልነገርኩህ» አለ አባባ።

«እኔም ኮርቼ ነው ያልጠየቅኩህ» አለ ጋሼ ከድር።

ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም፣ እትዬ ራህማ ክንዴን ይዛ ወደ ውስጥ መልሳኝ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ነይ ጭቃ አቀብይኝ ስላለችኝ። ግድግዳው ጋ ስትደርስ በመዳፏ መታ አደረገች። ከወዲያ ወዲያው መለሰችላት እማዬ። ሁለቱም ሴቶች እያለቀሱ ይመርጉ እንደነበር ያወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ከዚህኛው ወገን እያየሁ፣ ከዚያኛው ወገን ንፍጥ ሲሳብ እየሰማሁ።

ግድግዳ በአንድ ቀን ቢመረግም ወረቀት ግን እንዲህ በቀላሉ አይቃናም። ከመስቀል በኋላ ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተይዘው ጽሕፈት ቤት ተሄደ፣ ከሀቢቾም ከሀደሮም ሰው መጣ። ማስጠንቀቂያው ለአዋቂ ሰው ሳይሆን ለልጅ እንደተሰጠ ለማስረዳት ያችን ብጣሽ ወረቀትና እኔን ይዘው ነበር የሄዱት። ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፣ እግሬ መሬት አይነካም። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጡት መነጽራም ሴት ደግ ነበሩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ምህረት፣ እናንተ ቤት ስንት አባወራ ነው ያለው?»

አባባን አየሁት፣ ጋሼ ከድርን አየሁት። ሁለቱም አንገታቸውን ወደ ታች ነቀነቁልኝ። ሁለት አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የሆነ ነገር የካድኩ መስሎኝ፣ እዚያው ሽማግሌዎቹ ፊት ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ከጽሕፈት ቤቱ ስንወጣ ጋሼ ከድር ለስላሳ ገዛልኝ፣ አባባ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ጫማዬን እያሰረ፣ «አንድ ያልሽ ጊዜ ነው ልንለያይ የደረስነው፣ ሁለት ስላልሽ አብረን እንኖራለን» አለኝ። የዚያን ጊዜ አልገባኝም ነበር፣ ለስላሳውን ግን ጠጣሁት።

በጋው አጋማሽ ላይ አዲሱ ካርታ መጣ። የጋራ ይዞታ ይላል፣ ከሥሩ ሁለት ስም፣ ሁለቱም እስከ አያት። ጋሼ ከድር ጆንያውን አወረደው፣ እትዬ ራህማም ከክፍቱ ቦታ ላይ የመጀመሪያውን ጨው ወረወረችልን፣ አቅጣጫውን ስቶ ወጥ ውስጥ ገባ፣ በላነውም። ቆይቶ ሁለቱ ቤተሰብ አቅም ሲያገኝ ጭቃው ፈርሶ ብሎኬት ተሠራ። መሐንዲሱ የመሐሉን ግድግዳ እስከ ኮርኒሱ አድርሶ ስለዘጋባቸው፣ ሁለቱ አባወራዎች ተማክረው ግንበኛ ጠርተው በር አስከፈቱበት። አባባ ዛሬም እዚያ ነው፣ ጋሼ ከድርም። ሰሚራ ሾኔ መድኃኒት ቤት ከፍታለች፣ ስትመጣ የምታርፈው በየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ጫማዋ የቱ በር ላይ እንዳለ ማየት ያስፈልጋል።

እኔ አሁን የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ለብቻዬ ካርታ አለኝ፣ ለብቻዬ ቆጣሪ አለኝ፣ ግድግዳዬ ከወለል እስከ ጣሪያ ሲሚንቶ ነው፣ መዝጋቢ መጥቶ ከጎረቤቴ ጋር አንድ ናችሁ ብሎ ሊሳሳት አይችልም። ይህ ጥሩ ነገር ነው፣ አላማርርም፤ አባባና ጋሼ ከድር አንዲት ወረቀት ላይ ሁለት ስም ለማስጻፍ የተንከራተቱትን የማውቅ ሰው ወረቀትን አልንቅም። ግን ከጎን ጎረቤቴ ጋር አራት ዓመት ሙሉ በአንድ ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ፣ ልጇ ሲያስል ከግድግዳው ማዶ እየሰማሁ፣ የዚያችን ሴት ስም አላውቅም ነበር። ያ የጭቃ ሽታ ያቆመኝ ዕለት ደረጃውን እየወጣሁ ይህንን አሰብኩና፣ የራሴን በር አልፌ የእሷን አንኳኳሁ።

እጇ ሳሙና እንደነካ ከፈተችልኝ፣ ደንግጣም ነበር። ምን ሆንሽ፣ ውሃ ወደ አንቺ ቤት ፈሰሰ እንዴ አለችኝ። ምንም አልሆንኩም፣ ምህረት እባላለሁ፣ ስምሽን ልጠይቅሽ ብዬ ነው አልኳት። ትንሽ አፍጥጣ አየችኝ፣ ከዚያ ሳቀች፣ ስሟን ከነአባቷ ነገረችኝና ከበሩ ፈቀቅ አለችልኝ። ገባሁ።